እንስሳው የሕዝብ፣ መሬቱ የባለቤቱ፦ በኮሎራዶ አደን ድንበር የሚገፋው ማን ነው?

በሩ ላይ ያለው ሰንሰለት አዲስ ነበር። ሦስት ዓመት ስንመላለስበት ያ በር በሽቦ ቀለበት ብቻ ነበር የሚዘጋው፤ ቀለበቷን ታነሳለህ፣ ትገባለህ፣ መልሰህ ታጠልቃለህ። ባለፈው ጥቅምት ግን የጡጫ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አገኘነው። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ከብት አርቢ ናቸው። ቤታቸው ሄደን አንኳኳን። አልተቆጡም፤ ቡናም ቀዱልን። «የእናንተ ጥፋት አይደለም» አሉ።

ጥፋቱ የሌሎች ነበር። የአደኑ ወቅት በተከፈተበት ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ የማያውቋቸው ሰዎች በፒክአፕ ገብተው ዝናብ ያራሰውን የድርቆሽ ማሳ በጎማ አርሰውታል። ሲወጡ ደግሞ በሩን ክፍቱን ትተውት ሄዱ። ኮርማው ዕድሜያቸው ካልደረሰ ጊደሮች ጋር ተቀላቀለ። ከብት ያረባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፦ ያልደረሰች ጊደር ከጸነሰች ምጡ ይከብዳታል፣ ጥጃውም እናቲቱም ሊሞቱ ይችላሉ፣ የመውለጃው ጊዜም ካልታሰበበት ወር ላይ ይወድቃል። የአንድ ንጋት ስንፍና እስከሚቀጥለው ክረምት ይከተላል። ሰውየው ኪሳራቸውን በዶላር አልነገሩንም። «ከእንግዲህ ለማንም» አሉ፣ በቃ።

አገር ቤት ያደገ ሰው «ድንበር ገፊ» የሚለው ስድብ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በሌሊት የወሰን ድንጋይ የሚያንፏቅቅ ጎረቤት በሽማግሌም በፍርድ ቤትም የሚከሰስ ነው፤ በዘዳግም 27 ላይ «ርጉም ይሁን» ከተባሉትም አንዱ ነው። እዚህ አሜሪካ የአደን ጉዳይ ውስጥ ስገባ የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ግማሹ ጠብ ያው የድሮው የወሰን ጠብ መሆኑ ነው። ድንበር የሚገፋው ደግሞ አዳኙ ብቻ አይደለም። እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

በዴንቨርና በአውሮራ ከማውቃቸው የሀበሻ ልጆች መካከል ጠመንጃ ገዝቶ፣ የደህንነት ኮርስ ወስዶ፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቁን አጋዘን ፍለጋ ወደ ተራራ የሚወጣው እየበዛ ነው። ኮርሱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በኮርሱ መተኮስን ትማራለህ፣ ሰው እንዳትመታ ትማራለህ። የቆምክበት መሬት የማን እንደሆነ መለየት ግን ብቻህን የምትወጣው ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የዱር እንስሳ የባለመሬቱ ንብረት አይደለም። ክፍለ ግዛቱ ለሕዝቡ በአደራ የሚጠብቀው የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ ማደን የሚፈቅድልህ ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ላይሰንሱንና ታጉን (በገደልከው እንስሳ ላይ የምታስረውን መለያ) የሚሸጥልህ እሱ ነው፣ ስንት እንደሚገደልና መቼ እንደሚገደል የሚወስነውም እሱ ነው። መሬት ላይ መግባትን የሚፈቅደው ግን ባለመሬቱ ነው። ኤልኩ የሁላችንም ነው፣ የቆመበት ሣር የሰውየው ነው። «እኔ እኮ ከፍያለሁ» ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የከፈልከው ለእንስሳው ነው። ላይሰንስ የመግቢያ ትኬት አይደለም።

ለእኛ ይህ ነገር ወዲያው የማይዋጥበት ምክንያት አለ። አገራችን መሬትም የዱር እንስሳም በሕግ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከገበሬው ማሳ ውጭ ያለውን የግጦሽ መስክ ደግሞ ሁሉም እንደ ጋራው ያየዋል። እንዲህ ለለመደ ዓይን ከሀይዌይ ዳር እስከ አድማስ የተዘረጋው፣ አጥርም ሰውም የማይታይበት ሜዳ «ባዶ መሬት» ነው። በኮሎራዶ ሕግ ግን ባለመሬቱ ማጠርም ምልክት መትከልም ግዴታ የለበትም። ማወቅ ያለበት አዳኙ ነው። «ምልክት አላየሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም።

የሚያደናግረው ደግሞ ደንቡ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት መለያየቱ ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ባለመሬቱ «አትግቡ» ብሎ ካላስታወቀ በቀር አዳኝ መግባት ይችላል፤ ከ2021 ወዲህ ማስታወቂያውን በኢንተርኔት ማድረግም ስለተፈቀደ፣ ባዶ የሚመስል አጥር እንኳ በስልክህ ላይ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ተሻግረህ ደቡብ ዳኮታ ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ምልክት ኖረም አልኖረም ፈቃድ ያስፈልጋል። ቴክሳስ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም ካየህ «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ ጋር እኩል ነው። ቀለሙ ቁመቱ ቢያንስ 8 ኢንች፣ ስፋቱ ቢያንስ 1 ኢንች የሆነ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍታ ላይ ይቀባል። ዳላስ የሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን እስክነግረው ድረስ የዛፍ በሽታ መድኃኒት ይመስለው ነበር።

ኮሎራዶ ላይ ካርታ መያዝ ግድ ነው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያትማቸው ካርታዎች ብሔራዊ ደኑ አረንጓዴ ነው፣ የቢሮው የራሱ መሬት ቢጫ፣ የክፍለ ግዛቱ ሰማያዊ፣ የግል የሆነው ነጭ። ነጩን ቦታ «ምንም የሌለበት» ብሎ የሚያነብ ጀማሪ አይጠፋም። ነጭ ማለት የሰው ማለት ነው። ሰማያዊውም ወጥመድ አለው። ኮሎራዶ ውስጥ «የክፍለ ግዛት አደራ መሬት» የሚባለው ስሙ የሕዝብ ይምሰል እንጂ ለትምህርት ቤቶች ገቢ እንዲያመነጭ የተያዘ ንብረት ነው፤ በተለየ ስምምነት ለአደን ከተከፈተው ክፍል በቀር ለማንም አይፈቀድም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እዚያ ላይ ግማሽ ቀን በእግሬ ከሄድኩ በኋላ ነው ስልኬን አውጥቼ ያየሁት። ማንም አላየኝም፣ የተኮስኩትም የለም። ሆኖም የተመለስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ድንበር ገፊ ልምጣ።

በ1862 ሊንከን የፈረሙት የባቡር ሐዲድ ሕግ ምዕራቡን የዳማ ሰሌዳ አደረገው። መንግሥት ሐዲዱን ለሚዘረጉት ኩባንያዎች የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው መሬት ሰጣቸው፤ አሰጣጡ ግን አንድ ለእናንተ፣ አንድ ለእኔ ዓይነት ነበር። መሬቱ በካሬ ማይል ተቆራርጦ፣ አንዱ ካሬ ለኩባንያው፣ ቀጣዩ ለመንግሥት፣ እንዲህ እየተፈራረቀ በኋላ ላይ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እስከ 20 ማይል ድረስ ተዘረጋ። አንዱ ካሬ 640 ኤከር ነው፤ በድሮው አለካካችን ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ። ኩባንያዎቹ የደረሳቸውን ለከብት አርቢዎች ሸጡ። በዳማ እንበለው፦ ጥቁሩ ካሬ የግል፣ ነጩ ካሬ የሕዝብ። ከአንዱ ነጭ ወደ ሌላው ነጭ በእግር ለመሄድ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑ፣ አራቱ ካሬዎች የሚገናኙባት ነጥብ። እግርህን ከነጭ አንስተህ በነጥቧ ላይ አሻግረህ ነጭ ላይ ብታሳርፍ የሰው መሬት አልረገጥህም። ትከሻህ ግን ለቅጽበት በሁለቱ ጥቁር ካሬዎች አየር ውስጥ ያልፋል። መሬቱ የኔ ከሆነ ከላዩ ያለው አየርስ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ያደረሱት አራት የሚዙሪ አዳኞች ናቸው። ቦታው ዋዮሚንግ፣ ካርበን አውራጃ፣ ኤልክ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ነው። 22 ሺህ ኤከር ገደማ የሆነው ራንች (የከብት እርባታ መሬት) የአንድ የሰሜን ካሮላይና ባለሀብት ድርጅት ነው፤ በራንቹ መካከል በማዕዘን ብቻ የሚደረስባቸው የሕዝብ ካሬዎች ተጠላልፈዋል። ማዕዘኗ ላይ ሁለት ብረቶች ተተክለው በሰንሰለት ተያይዘው ነበር፤ በላያቸው «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። ከሰዎቹ ሦስቱ በ2020 ብረቶቹን ይዘው ተወዛውዘው ተሻገሩ። በ2021 ደግሞ አራቱም በልኩ ያሠሩትን የብረት መሰላል ተሸክመው መጡ፤ በአንድ ወገን ወጥተው በሌላው ወገን ወረዱ። የሰው ሣር እንኳ አልነኩም። ተከሰሱ። በ2022 ከአውራጃው ነዋሪዎች የተውጣጣ የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) በነፃ ለቀቃቸው። ባለመሬቱ በፍትሐ ብሔር ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ጠየቀ፤ ማዕዘኑ ከተከፈተ የመሬቱ ዋጋ በዚያን ያህል ይወድቃል ነው ክርክሩ። በ2023 የፌዴራሉ ዳኛ ለአዳኞቹ ፈረደ፣ በመጋቢት 2025 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት አጸናው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም።

ይግባኝ ሰሚው የተመረኮዘው በ1885 በወጣ ሕግ ላይ ነው። ያኔ የከብት ከበርቴዎች የራሳቸውን ካሬዎች ብቻ እያጠሩ በዙሪያው ያለውን የመንግሥት መሬት በነፃ ይጠቀልሉ ነበር። በዚሁ በኮሎራዶ ሁለት ሰዎች አጥራቸውን በየራሳቸው ካሬ ጠርዝ ላይ እያቆሙ፣ አንድ ስንዝር የመንግሥት መሬት ሳይነኩ፣ 20 ሺህ ኤከር ገደማ የሕዝብ መሬት ከበቡ። በ1897 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጥሩ ይፍረስ አለ። ከዚያ ወዲህ መርሁ ይኸው ነው፦ የራስህን መሬት ተጠቅመህ የሕዝቡን መዝጋት አትችልም። የሕዝቡን የወሰን ድንጋይ ሳያንፏቅቅ ወሰኑን የበላ ሰው፣ ለእኔ ከድንጋይ አንቀሳቃሹ የተለየ አይደለም። በምዕራቡ በማዕዘን ብቻ የሚደረስበት የሕዝብ መሬት 8.3 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነው ተብሎ ተለክቷል፤ ስለዚህ ጠቡ የአንድ ተራራ ብቻ አይደለም።

ፍርዱን ወድጄዋለሁ። ያስጨነቀኝ ከፍርዱ በኋላ የሰማሁት ወሬ ነው። «ማዕዘን ተፈቅዷል» የሚለው ዜና እዚህ ሰፈር ሲደርስ «መግባት ተፈቅዷል» ሆኖ ነበር። አልሆነም። ፍርዱ የሚለው መሬቱን ሳትነካ፣ በዳማው መሬት፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ መሻገር ትችላለህ ነው። የሚያስገድደውም የአሥረኛውን ወረዳ ስድስት ክፍለ ግዛቶች ነው፦ ኮሎራዶ፣ ዋዮሚንግ፣ ዩታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ካንሳስና ኦክላሆማ። ሞንታና በሌላ ወረዳ ሥር ስለሆነች አይመለከታትም፤ የዚያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም አሁንም ክልክል ነው ብሏል። ደግሞ ማዕዘን ማለት ነጥብ ናት። የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ያ ስህተት ነጥቧን ለመሳት ይበቃል። የሚዙሪዎቹ ሰዎች ቀያሾች ያኖሩትን ምልክት ፈልገው አግኝተው፣ መሰላል ተሸክመው ነው የተሻገሩት። ያም ሆኖ ክሱ ውስጥ አንዱ ስልኩ ላይ ያስቀመጣት የካርታ ምልክት ማስረጃ ሆና ቀርባለች። ማዕዘኑን ሃምሳ ሜትር አሳጥሮ የሚቆርጥ ሰው በእነሱ ስም መማል የለበትም።

በእኛ በአዳኞቹ ወገን ያለው ጥፋት ከዚህ በላይ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ባለሀብቱ «አዳኝ ከገባ መሬቱ ይበላሻል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከብቱ ይመታል» ብሎ ሲከራከር፣ ማስረጃውን የሚያቀብለው ያ ፒክአፕ የነዳው ሰው ነው።

አሠራሩን እንየው። ባለመሬት መሬቱን ለሕዝብ የሚከፍትባቸው ፕሮግራሞች አሉ። ሞንታና ውስጥ በዚህ መንገድ 7 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ተከፍቷል፤ ካንሳስ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ። ክፍለ ግዛቱ ለባለመሬቱ ይከፍላል፣ አዳኙ በነፃ ይገባል። ውሉ ግን የውዴታ ነው፤ የሰለቸው ሰው ሲያበቃ አያድሰውም። ሲወጣ ደግሞ መሬቱ ባዶ አይቀመጥም። አስጎብኚ አዳኝ ድርጅት መጥቶ ወቅቱን በሙሉ ይከራየዋል፤ በሺዎች ዶላር የሚከፍል ደንበኛ ያመጣበታል። ደመወዝተኛው ከውጭ ይቀራል። ደንብ የጣሰው ሰው ግን ምንም አይቀርበትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በር ያገኛል። ዋጋውን የሚከፍለው ከኋላው የሚመጣው ነው።

ደንብ መጣስና ነውር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከመንገድ ላይ ሆኖ ወይም መንገድ አሻግሮ መተኮስ ሕገ ወጥ ነው። ሥጋውን ትቶ ቀንዱን ቆርጦ መሄድ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ከሩቅ መንጋ መካከል ተኩሶ «አንዱን ይመታዋል» ማለትን የሚከለክል ግልጽ አንቀጽ ላይኖር ይችላል፤ ነውር ግን ነው፣ ምክንያቱም ቆስሎ ሄዶ የሚሞተው አይቆጠርም። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ከመሠረቱት ቡን ኤንድ ክሮኬት ከሚባለው የአዳኞች ክለብ ጀምሮ አዳኞች ለዚህ ስም አላቸው፤ «ፌር ቼዝ» ይሉታል፣ ትርጉሙ ባጭሩ እንስሳው የማምለጥ ዕድል ይኑረው ነው። የድሮ አዳኞቻችን ግዳይ ጥለው ሲፎክሩ ቢያንስ የገጠሙት አንበሳ ወይም ጎሽ ሊገድላቸው ይችል ነበር። የዘመኑ ፉከራ ኢንስታግራም ላይ ነው፤ ፉከራውን ያሳመረ ሁሉ ጀግና ይሆናል።

ኮሎራዶ ይህን በሳምሶን ተምራዋለች። ሳምሶን ኤስቴስ ፓርክ በሚባለው የተራራ ከተማ ሰው የለመደ ትልቅ ወንድ ኤልክ ነበር፤ ከተማው በስሙ ይጠራው ነበር። በ1995 አንድ ሰው በቀስት ገደለው። ማደን አይባልም፤ በረት ውስጥ ያለ በሬ እንደመግደል ነው። በ1998 በስሙ ሕግ ወጣ፤ በአንድ ወገን ስድስትና ከዚያ በላይ ጫፍ ያለው ቀንድ የተሸከመ ኤልክ በሕገ ወጥ መንገድ የገደለ ሰው ከመደበኛው ቅጣት ላይ 10 ሺህ ዶላር ይጨመርበታል። ሐውልቱ አሁንም እዚያው ከተማ ቆሟል።

ስለ ድንበር መጣስስ? በኮሎራዶ ያለፈቃድ የሰው መሬት ላይ ያደነ ሰው የገንዘብ ቅጣቱ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ጥርሱ ያለው ነጥቡ ላይ ነው፦ 20 የጥፋት ነጥብ ይያዝበታል። በአምስት ዓመት ውስጥ 20 ነጥብ የሞላ ሰው ደግሞ ላይሰንሱ ሊታገድ ይችላል። ማለትም አንድ ስህተት ብቻውን ይበቃል። እገዳው እዚህ አይቀርም፤ ክፍለ ግዛቶቹ በስምምነት ስለተሳሰሩ አንዱ ያገደውን ሌላውም ያግደዋል።

የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በሕጋዊ ቦታ፣ በሕጋዊ ሰዓት ተኩሰህ መታህ። እንስሳው ሦስት መቶ ሜትር ሮጦ አጥር ዘሎ የሰው መሬት ውስጥ ወደቀ። ከአጥሩ ማዶ ታየዋለህ። ሕጉ የገደልከውን እንድትፈልግና ሥጋውን እንዳታባክን ያዝዝሃል፤ ያው ሕግ ያለፈቃድ አጥሩን እንዳትሻገር ይከለክልሃል። መልሱ አንድ ነው፦ ጠመንጃህን አስቀምጠህ ቤቱን ፈልገህ ታንኳኳለህ። ብዙው ሰው እሺ ይላል፤ እንዲያውም ትራክተር ይዞ ይመጣል። እምቢ ካለህ ለአደን ተቆጣጣሪው ትደውላለህ፤ እሱም ቢሆን ሰውየውን ለምኖ ካላግባባው ማስገደድ አይችልም። ሥጋው ሲበላሽ ቆመህ ታያለህ። መራራ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከአጥር አጠገብ የማይተኩሱት። ስልክ ቁጥሩንም ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ይዘው የሚወጡት ለዚህ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ደጅ መጥናት ለለመደ ሕዝብ ከባድ አይደለም። በመክፈቻው ዕለት ንጋት በካሞፍላዥ ልብስ ተጀቡኖ በር ማንኳኳት ከንቱ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ፣ በተራ ልብስ፣ ከተቻለ ከቤተሰብ ጋር ይኬዳል። ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ በየትኛው ቀን፣ መኪናችሁ የት እንደሚቆም ትናገራላችሁ። የጽሑፍ ፈቃድ ብትጠይቁ አይከፋቸውም። ክፍት ያገኛችሁትን በር ክፍት፣ ዝግ ያገኛችሁትን ዝግ አድርጋችሁ ትተዋላችሁ፤ «ሳላጠፋ ልዝጋላቸው» ማለትም ስህተት ነው፣ ከብቱ ወደ ውኃ የሚሄድበት በር ሊሆን ይችላል። ሥጋ ካገኛችሁ ብልት ላኩላቸው። ጊዜውም ይስማማል፤ የመጨረሻው የጠመንጃ ወቅት የሚያልቀው ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ነው፣ ለእናንተ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ለገና ይቆያል።

እኛም ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ተመልሰን ወደ ሽማግሌው ሄድን። ለአደን አልጠየቅናቸውም፤ በረዶ ያጋደመባቸውን አጥር ሲያነሱ ደረስንባቸውና አብረናቸው ዋልን። ሽቦ ወጥረን፣ ምሰሶ ተክለን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው በር ወጣን። ቁልፉን የከፈቱልን እሳቸው ናቸው፤ መልሰው ሲቆልፉትም ቆመን አየን። ስለ ጥቅምት እሳቸው አላነሱም፣ እኛም አልጠየቅንም።